ሲ ቱ ሲ ኮንትራት መጣልኝ፤ ኤልኤልሲ ወይስ ኤስ ኮርፕ? (ሜሪላንድ)

የስፕሪንግ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ዳታ ኢንጂነር ነኝ። እስካሁን ሁሌም ተቀጣሪ ሆኜ ነው የሠራሁት። አሁን አንድ ሪክሩተር ቨርጂኒያ ላለ ክላይንት የ12 ወር ኮንትራት አምጥቶልኛል፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ ከቤት ነው። ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፦ በደብሊው ቱ (ተቀጣሪ ሆኜ) በሰዓት 75 ዶላር፣ በሲ ቱ ሲ (ከካምፓኒ ለካምፓኒ) 85። ሲ ቱ ሲ ካልክ የካምፓኒህን ወረቀት ላክልኝ ይላል። ካምፓኒ የለኝማ!

ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የጤና ኢንሹራንሱ በእሷ በኩል ስለሆነ እሱ አያሳስበኝም። ግራ ያጋባኝ ሰው ነው። አንዱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ካምፓኒ) ይበቃሃል ይላል፣ ሌላው ኤስ ኮርፕ ካላደረግህ ለአይአርኤስ (ለፌዴራል ግብር ቢሮ) ስትገብር ትኖራለህ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰውዬ ደግሞ ደላዌር ክፈት ብሎኝ አረፈው። ማንን ልስማ?

ክላውድ_ሰው

ኤስ ኮርፕ። አለቀ። ተቀጣሪ ስትሆን ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩን አሠሪህ ግማሹን ይከፍልልሃል፣ ለራስህ ስትሠራ ግን 15.3 ከመቶውን ብቻህን ነው የምትችለው። ኤስ ኮርፕ ስታደርግ ለራስህ ትንሽ ደመወዝ ትከፍልና የቀረውን ዲስትሪቢዩሽን (የትርፍ ድርሻ) ብለህ ታወጣዋለህ። በዲስትሪቢዩሽኑ ላይ 15.3 የለም። እኔ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ወደኋላ ዞር ብዬ አላየሁም።

መዝገብ_ያዥ

እንደምን አላችሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ የሰው ታክስ እሠራለሁ፣ አብዛኞቹ ደንበኞቼም የኛው ልጆች ናቸው፤ ሹፌር፣ ነርስ፣ አይቲ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ቻሉኝ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚደባለቀው። ኤልኤልሲ የስቴት ወረቀት ነው። ኤስ ኮርፕ ደግሞ ካምፓኒ አይደለም፣ ለአይአርኤስ ፎርም 2553 ሞልተህ "እንዲህ ታክስ አድርጉኝ" የምትልበት ምርጫ ነው። ስለዚህ "ኤልኤልሲ ወይስ ኤስ ኮርፕ" የሚለው ጥያቄ ራሱ አይገጥምም። ኤልኤልሲ ከፍተህ ዝም ካልክ፣ ባለቤቱ አንተ ብቻ ከሆንክ፣ ለአይአርኤስ ኤልኤልሲው የለም ማለት ነው። ገቢህን ከግል ታክስህ ጋር በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ትርፍ በሚሞላበት ፎርም) ታቀርባለህ። ያለ ወረቀት በስምህ ብትሠራ የምትከፍለው ያንኑ ነው፣ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ኤልኤልሲ ታክስ ይቀንሳል ብሎ የነገረህ ካለ ሌላ ምክሩንም ተጠራጠር።

አሁን ወደ ክላውድ_ሰው ሂሳብ ልምጣ። በ85 ዶላር፣ በዓመት 1,900 ሰዓት ብትሠራ 161,500 ይገባል። ወጪህን ቀንሰህ 150,000 የተጣራ ትርፍ ቀረህ እንበል። በስኬጁል ሲ የሚሰላው በ92.35 ከመቶው ላይ ስለሆነ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (ያ 15.3 ከመቶው) 21,194 ገደማ ይመጣል። ኤስ ኮርፕ አድርገህ ለራስህ 90,000 ደመወዝ ብትከፍል ደግሞ 13,770። ልዩነቱ 7,400 ዶላር ነው። እስከዚህ ክላውድ_ሰው ልክ ነው።

ግን ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ለራሱ ለሚሠራ ሰው ከትርፉ እስከ 20 ከመቶ የሚቀነስ ኪውቢአይ የሚባል አለ፣ 2025 በወጣው ሕግ ቋሚ ሆኗል። በስኬጁል ሲ ያ ቅናሽ ወደ 27,900 ይደርሳል። ኤስ ኮርፕ ውስጥ ግን ለራስህ የከፈልከው ደመወዝ አይቆጠርም፣ በቀረው ትርፍ ላይ ብቻ ስለሆነ 10,600 ይሆናል። እናንተ 22 ከመቶው እርከን ላይ ናችሁ ብዬ ብገምት፣ በዚህ ብቻ 3,800 ዶላር ተመልሶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ግማሹ ራሱ ከገቢህ ይቀነስ ነበር፣ ከእሱም 800 ያህል ታጣለህ። ከ7,400ው የተረፈው 2,800 ነው። ከእሱ ላይ ለፔይሮል አገልግሎት፣ በየሩብ ዓመቱ ለሚገባው 941 (የደመወዝ ታክስ ፎርም)፣ 1120-ኤስ (የኤስ ኮርፕ ዓመታዊ የታክስ ፎርም) ለሚሠራልህ ሰው ክፈል። እኔ ራሴ የማስከፍለውን ስለማውቅ ነው የምለው፣ ብዙ አይተርፍህም።

ትርፍህ ከፍ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ከታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው።

ክላውድ_ሰው

እሺ ግን ደመወዙን ማን 90,000 አድርግ አለው? 40,000 ያድርገው። ያኔ ቁጥርሽ ሁሉ ይገለበጣል።

መዝገብ_ያዥ

ይገለበጣል፣ አይአርኤስ እስኪያየው ድረስ። ሕጉ ደመወዝህ ለሥራው ተገቢ መሆን አለበት ይላል። አይዋ ውስጥ ዋትሰን የሚባል አካውንታንት ነበር፣ ሞያው ራሱ ታክስ ነው እኮ! ለራሱ በዓመት 24,000 ደመወዝ እየከፈለ የቀረውን፣ በአንደኛው ዓመት ከ200,000 በላይ፣ እንደ ትርፍ ያወጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ ተገቢው ደመወዝህ 91,044 ነው አለው፣ በ2012 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የጎደለውን ታክስ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ነው የከፈለው። ገበያው በሰዓት 75 ዶላር በደብሊው ቱ እንደሚከፍለው ሪክሩተሩ በኢሜይል ጽፎለት እያለ፣ ይህ ልጅ የሚገባኝ 40,000 ነው ብሎ ቢቀርብ ማን ይሰማዋል?

ደመወዙን ዝቅ ማድረግ ሌላም ዋጋ አለው። ሶሎ 401ኬ (ለራሱ የሚሠራ ሰው የጡረታ ቁጠባ) ልክፈት ካልክ ካምፓኒው የሚያዋጣልህ በደመወዝህ ልክ ነው።

ጋሽ_ሜይንፍሬም

ልጆች፣ ታክሱን ተዉትና ሪክሩተሩ ለምን ካምፓኒ እንደሚጠይቅ ማንም አልነገረውም። በ1986 የወጣው የታክስ ማሻሻያ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 1706 የሚባል አለ። ሌላው ኮንትራክተር "ተቀጣሪ ነው" ተብሎ እንዳይመደብ የሚከላከልለት ከለላ ነበረ። 1706 መጥቶ ፕሮግራመሮችን፣ ሲስተም አናሊስቶችንና ኢንጂነሮችን በደላላ በኩል ሲሠሩ ከዚያ ከለላ አወጣቸው። እኔ በዚያ ዘመን ኮቦል እየጻፍኩ ነበር፣ ኤጀንሲዎቹ እንዴት እንደተርበደበዱ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው "ወይ ተቀጠርልን፣ ወይ ካምፓኒ ሆነህ ና" የመጣው። በስምህ 1099 (ላልተቀጠረ ሰው የሚሰጥ የክፍያ ፎርም) የሚሰጥህ ኤጀንሲ ብርቅ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ ለኛ ሳይሆን ለሪክሩተሩ ይሁን፦ "ባለ አንድ ሰው ኤልኤልሲ ትቀበላላችሁ ወይ?" ብለህ ጠይቀው። አንዳንዶቹ አይቀበሉም፣ ለታክስ ሲባል እንደ ግለሰብ ስለሚታይ። ኮርፖሬሽን ወይም ኤስ ኮርፕ የሆነ ብቻ ነው የምንፈልገው ይላሉ። እንዲህ ካሉ የመዝገብ_ያዥ ስሌት ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ምርጫውን እነሱ መረጡልህ።

ሁለተኛ ኮንትራቱን አንብብ። ስንት ቀን ላይ ነው የሚከፍሉህ፣ 30 ወይስ 60? "ክላይንቱ ሲከፍለን እንከፍልሃለን" የሚል መስመር አለው? እኔ አንዴ እንዲህ ያለ መስመር ፈርሜ አንድ ኤጀንሲ ሦስት ወር አንጠልጥሎኛል፣ ስሙን አልጠራም። ያኔ ኤስ ኮርፕ ሆንክ አልሆንክ የቤት ኪራይ አይከፍልልህም።

የስፕሪንግ_ልጅ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ 1706 የሚባለውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሪክሩተሩን ጠየቅኩት፣ ባለ አንድ ሰው ኤልኤልሲ ይቀበላሉ። ኢአይኤን (የካምፓኒ የታክስ ቁጥር)፣ ደብሊው 9 (ስምና የታክስ ቁጥር የሚሞላበት ፎርም) እና የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ይፈልጋሉ። የሞያ ስህተት ኢንሹራንስ የ1 ሚሊዮን ዶላር ይሁን አሉ። የደላዌሩንስ ነገር ማን ያስረዳኛል?

አናኮስቲያ_ማዶ

ደላዌርን እርሳው። ደላዌር የሚጠቅመው ኢንቨስተር ለሚፈልግ ስታርትአፕ ነው። አንተ ሜሪላንድ ቤትህ ተቀምጠህ የምትሠራ ሰው ነህ። ደላዌር ብትከፍት ለደላዌር በየዓመቱ 300 ዶላር ትከፍላለህ፣ ሥራው ሜሪላንድ ስለሆነ ሜሪላንድም እንደ ውጭ ካምፓኒ ተመዝገብ ትልሃለች፣ እሷም 300 በየዓመቱ ትቀበላለች። ደላዌር ስለሆነ የሜሪላንድ የገቢ ግብር አይቀርልህም። ለምን ሁለት ጊዜ?

ሜሪላንድ ላይ በቀጥታ ክፈት፣ ምዝገባው 100 ዶላር ነው፣ ቶሎ ይለቅልኝ ካልክ ይጨምራል። የዓመቱን ሪፖርት እስከ ኤፕሪል 15 አስገባ። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ያሉት ጓደኞቻችን ዓመታዊው 50 ዶላር ብቻ ነው፣ ያስቀናል ግን ለ250 ዶላር ብሎ ቤት የሚቀይር የለም።

እኔ ዲሲ ነኝ፣ የኛ ጉድ ይለያል። ዲሲ ኤስ ኮርፕ የሚባል ነገር አታውቅም! ለፌዴራል ኤስ ኮርፕ ብትሆንም ዲሲ እንደ ተራ ኮርፖሬሽን ቆጥራ በትርፉ ላይ 8.25 ከመቶ ታስከፍላለች። ተራ ኤልኤልሲም ቢሆን ገቢው ከ12,000 ዶላር ካለፈ ተመሳሳይ ግብር አለባት፣ ግን ከገቢው ከ80 ከመቶ በላይ ባለቤቱ በራሱ ጉልበትና ሞያ ያመጣው ከሆነና ካፒታል ዋና ነገር ካልሆነ ነጻ ናት። እንደኔ ብቻውን ኮድ የሚጽፍ ሰው እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዲሲ የምትኖሩ፣ የሜሪላንድ ጓደኛችሁ ኤስ ኮርፕ አደረግሁ ስላለ ብቻ እንዳታደርጉ።

ሌሊት_ፈረቃ

ሁላችሁም ሲ ቱ ሲ ነው ብላችሁ ወስናችሁ ነው የምታወሩት። ደብሊው ቱው ምን ሆነ? በ75ና በ85 መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 19,000 ነው። የአሠሪው ድርሻ 7.65 ከመቶ ወደ 10,900 ይወስዳል። ኢንሹራንሱ፣ ምዝገባው፣ አካውንታንቱ ሌላ ሁለት ሦስት ሺህ። ኮንትራቱ በስድስተኛው ወር ቢቆረጥ ደብሊው ቱ ላይ ከሆንክ አንኢምፕሎይመንት ትጠይቃለህ፣ በራስህ ኤልኤልሲ ግን ምንም የለህም። ለ10 ዶላር እኔ ራሴን አላስቸግርም።

መዝገብ_ያዥ

ሌሊት_ፈረቃ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አንኢምፕሎይመንቱን እኔም መጥቀስ ነበረብኝ። ግን ያ ኪውቢአይ ያልኩት ቅናሽ ለደብሊው ቱ የለም። የቤት ቢሮው፣ ላፕቶፑ፣ ኢንተርኔቱ ከሥራው ድርሻ ልክ፣ እነዚህም ለተቀጣሪ በፌዴራል አይቀነሱም። እነዚያን ስትጨምሪ ሲ ቱ ሲው ትንሽ ይበልጣል። ትንሽ ነው ግን። ለስጋቱ የሚመጥን እንዲሆን በሰዓት 95 መጠየቅ አለበት።

ሌሊት_ፈረቃ

ወንድ ነኝ 😄 ግን በ95ቱ ተስማምተናል።

ገና_ቪዛ_ላይ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እኔ ኤች ዋን ቢ (የሥራ ቪዛ) ላይ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ፕሮጀክት በኤልኤልሲ መሥራት እችላለሁ? ኤልኤልሲ ማንም ይከፍታል ብለውኛል።

አናኮስቲያ_ማዶ

መክፈትና መሥራት የተለያየ ነው ወንድሜ። ባለቤት መሆን አይከለክልህም፣ ግን ቪዛህ ለአንድ አሠሪ ነው የተሰጠው፣ ለራስህ ካምፓኒ ቅዳሜም ሆነ ሌሊት ብትሠራ ያለፈቃድ መሥራት ነው። ግሪን ካርድህን ልታበላሽ ነው? የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግር ኢንቮይስ እንዳትልክ። ባለቤትህ ኤች ፎር (የኤች ዋን ቢ ቤተሰብ ቪዛ) ሆና የሥራ ፈቃድ ካላት ግን እሷ የራሷን መክፈትና መሥራት ትችላለች።

ከቦሌ_ነኝ

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማነባችሁ። አሜሪካ ላለ ክላይንት ዌብ እሠራለሁ፣ እነሱም ካምፓኒ አለህ ወይ አሉኝ። ለኛ ኤልኤልሲ የሚመስል ነገር አለ? ወይስ በስሜ የንግድ ፈቃድ ላውጣ?

ጋሽ_ሜይንፍሬም

የወንድሜ ልጅ እዚያው ስለሚሠራ ይህን አውቀዋለሁ። ድሮ ሥራ አስኪያጅም ባለቤትም አንተ ብቻ ሆነህ ካምፓኒ መክፈት አይቻልም ነበር፣ ሰው ሁሉ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለስም ያህል ሸሪክ ያደርግ ነበር። በ1952 (በእኛ አቆጣጠር) የወጣውን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ 1243/2013 ግን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ብትሞት ወይም መሥራት ባትችል ቦታህን የሚይዝ ሰው አስቀድመህ መሰየም አለብህ፣ ያንን እንዳትዘነጋ። በስምህ ካወጣህ ወረቀቱ ይቀላል፣ ዕዳ ቢመጣ ግን እስከ ቤትህ ይመጣል። ግብሩ ላይ ማኅበር 30 ከመቶ ነው፣ ግለሰብ ግን በእርከን እየጨመረ እስከ 35 ይሄዳል። ትንሽ ገቢ ላለው የግለሰቡ ይሻላል።

ለአሜሪካው ክላይንትህ ደግሞ አትፍራ። ሥራውን አገር ቤት ሆነህ ስለምትሠራው እዚህ ታክስ አይቆርጡብህም፣ ደብሊው 8 ቤን የሚባል ፎርም ትልክላቸዋለህ፣ በማኅበር ከሆንክ መጨረሻው ላይ ኢ ያለበትን። ደብሊው 9 ሙላ ካሉህ ተሳስተዋል፣ እሱ ለአሜሪካ ሰው ነው።

ከቦሌ_ነኝ

ተባረኩ ጋሼ። ደብሊው 9 ነበር የላኩልኝ!

ክላውድ_ሰው

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህኛው እንኳን መዝገብ_ያዥ ትስማማለች። ኤልኤልሲ "ይጠብቅሃል" የሚለውን ሰው አጋኖታል። ራስህ በጻፍከው ኮድ የክላይንቱ ዳታ ቢጠፋ፣ በራስህ ሥራ ስለመጣ ጥፋት ኤልኤልሲው ጋሻ አይሆንህም። ለዚያ ነው ኢንሹራንሱን የሚጠይቁት። ኤልኤልሲው በሚከላከልልህ ነገር ላይ ደግሞ የሚጠብቅህ ገንዘቡን ለይተህ ከያዝክ ብቻ ነው።

መዝገብ_ያዥ

እስማማለሁ፣ እንዲያውም አንድ የኛን ሰው ጉድ ልንገራችሁ። የቢዝነስ አካውንታቸውን ሳይ በየወሩ ትልቅ ገንዘብ ይወጣል፣ ይህ ምንድነው ስል "ዕቁብ ነው" ይሉኛል። ኧረ በማርያም! ዕቁብህ የግልህ ነው። መጀመሪያ ወደ ግል አካውንትህ አዛውረው፣ ከዚያ ለዕቁብ ሰብሳቢው ላክ። ዕቁቡ ሲደርስህም ወደ ቢዝነስ አካውንት አታስገባው፣ ገቢ ይመስላል። የልጅ ክርስትና ድግስም እንደዚሁ። ሁለቱ ኪስ ከተደባለቀ ነገ ከሳሽ ሲመጣ "ይህ ካምፓኒ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ነው" ብሎ ቤትህ ድረስ ለመግባት መንገድ ያገኛል።

የስፕሪንግ_ልጅ

እሺ፣ እስከዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። 95 ጠየቅኩ፣ 92 ላይ ቆሙ። ሲ ቱ ሲውን ያዝኩ። ኤልኤልሲውን ሜሪላንድ ላይ በስሜ ብቻ ከፈትኩ፣ ኢአይኤኑ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ወዲያው ወጣ (አንድ ድርጅት ለዚሁ ገንዘብ ሊያስከፍለኝ ነበር)። ኤስ ኮርፕ ለጊዜው አላደረግኩም፣ የመጀመሪያው ዓመት በስኬጁል ሲ ይሂድ። ክፍያው በ30 ቀን፣ "ክላይንቱ ሲከፍል" የሚለውም ወጣ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ደብሊው 9ኙ ላይ የማንን ስም ነው የምጽፈው? ደግሞ ታክሱ በየሩብ ዓመቱ ነው አሉኝ፣ እሱን ነው የፈራሁት።

መዝገብ_ያዥ

ጎበዝ! መጀመሪያው መስመር ላይ የአንተ ስም፣ ሁለተኛው ላይ የኤልኤልሲው። ምልክቱን ግለሰብ የሚለው ላይ አድርግ፣ ኤልኤልሲ የሚለው ሳጥን ላይ ሳይሆን። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚስተው።

የሩብ ዓመቱ ክፍያ ቀኖች ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ናቸው። እኩል ሦስት ሦስት ወር አይደሉም፣ ማን እንደዚያ እንዳደረገው እንጃ። ለሜሪላንድም ለብቻው ይከፈላል። ቅጣት እንዳይመጣ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስህን ያህል ከከፈልክ ይበቃል፣ የሁለታችሁ ገቢ ከ150,000 በላይ ከነበረ ግን 110 ከመቶውን። ከዚያ በላይ ያለው ኤፕሪል ላይ ይከፈላል፣ ስለዚህ ገንዘቡን አትብላው፣ ለብቻው አስቀምጠው።

ለእናንተ ቀለል ያለ መንገድም አለ። ባለቤትህ ሆስፒታሏ ላይ ደብሊው 4ቷን ቀይራ ከደመወዟ ተጨማሪ ታክስ እንዲቆረጥ ማድረግ ትችላለች። ከደመወዝ የተቆረጠ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል፣ ዲሴምበር ላይ ቢቆረጥም። ስለዚህ ብዙውን በእሷ በኩል ብታደርጉት የሩብ ዓመቱ ጣጣ ይቀልልሃል። መጀመሪያ ግን አስፈቅዳት፣ ደሞዟ ሲያንስ አይታ እንዳትደነግጥ።

የስፕሪንግ_ልጅ

ይሄን ጽሑፍ ራሷ እያነበበች ነው፣ "ከደመወዜ የሚቆረጠውን በየወሩ ይመልስልኛል ወይ ብለህ ጠይቃት" እያለች ነው።

መዝገብ_ያዥ

ይመልስልሻል እህቴ፣ ከግል አካውንቱ። ኤስ ኮርፕ ካሰኘው ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት 2553ቱ እስከ ማርች 15 ይገባል፣ ጃንዋሪ ላይ ቁጥሩን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።